የምታበራው ድመት ሥራዋ ምንድን ነው?

እስቲ ‹ፔት› የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሱልኝ። ‹የቤት እንስሳ› ትሉኛላችሁ። ጥሩ። ግን ቦሩ ሜዳ ላይ የቤት እንስሳ ስትሉ ሰው ፊት የሚመጣው በሬ፣ ላም፣ በግ፣ አህያና ዶሮ ነው። አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ይታለባል፣ ሌላው ይሸከማል። ውሻ እንኳ ጅብና ሌባ እንዲጠብቅ፣ ድመትም አይጥ እንድትይዝ ነው የሚያዙት። ምንም ሳይሠራ ለመወደድ ብቻ ቤት ውስጥ የሚኖር እንስሳ ግን የራሱ ስም የለውም። የቃላት ጣጣ ብቻ ይመስላል አይደል? ለልጆች ተረት ልታወሩ ስትቀመጡ ግን ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ይመጣል።

ቦሩ ሜዳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ትምህርት ቤት የምናውቃት አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። እኔ የማውቃት ግን በእህቴ ቤት ነው። ክረምቱን እዚያ ሳሳልፍ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ፣ የእህቴ ልጆችና የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው «ተረት አውራን!» ይሉኛል። እኔም ስልክ ላይ የለመዱትን ዓይነት ታሪክ አመጣሁላቸው። አስማት ያላቸው ሦስት እንስሳት ቤት ፍለጋ ይወጣሉ፤ በጨለማ የምታበራ ድመት፣ እንደ ሰው የሚያወራ ቡችላና የሄደበትን መንገድ ሁሉ የማይረሳ ያረጀ አህያ። በር ያንኳኳሉ፣ ይባረራሉ፣ በመጨረሻ ደግ ቤተሰብ ያገኛሉ። እንዲህ ዓይነት ካርቱን በስልካችሁ ስንት አይታችኋል!

የመጀመሪያው ችግር ‹አስማት› ነበር። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቡና የሚያፈሉት የጎረቤት እናት «ኧረ በአላህ! ይሄ ለልጅ ይወራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አማርኛ አስማት የሚያብረቀርቅ ኮከብ አይደለም፤ ድግምትና መተት ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው አስማተኛ እንስሳም ቢሆን ጅብ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል፣ የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ከዚህ ወሬ ጀርባ ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በእጁ ሙያ እንደተሰደበ አስቡት። ስለዚህ ቃሉን ቀየርነው። የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ ‹ጉደኛ እንስሳት›። ከእኔ ምርጫ በጣም ይሻላል።

ጉደኛ እንስሳ ደግሞ አገራችን አጥታ አታውቅም። ከልጆቹ አንዷ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አነሳች፤ 60 አንበሳና 60 ነብር አብረዋቸው የሚኖሩትን ጻድቅ። ሌላው ከቁርኣን ትምህርት ቤት የሰማውን አመጣ፤ በዋሻ ውስጥ ለዘመናት የተኙትን ወጣቶችና በራፋቸው ላይ እግሩን ዘርግቶ የተኛውን ውሻ። አንድ ምንጣፍ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው! ወሎ እንዲህ ናት። ቅዱስ ያሬድን ዜማ ያስተማሩት ሦስት ወፎችም ተነሡ። እዚህ ላይ እኔ ዝም ብዬ ሰሚ ሆንኩ።

ሁለተኛው ችግር ግን የባሰ ነው። ድመቷ የመጀመሪያውን በር ስታንኳኳ የእህቴ ትንሹ ልጅ አስቆመኝ። «ቆይ አጎቴ፣ ሥራዋ ምንድን ነው?»

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ምርታማነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ አፋጥጦኝ ግን አያውቅም። ታበራለቻ! «እሺ፣ መብራት ሲጠፋ ታገለግላለች» ብሎ ድመቷን አሳለፋት። ቻርጅ አትፈልግም፣ ቆጣሪ የላትም። የሚያወራው ቡችላም ሌባ ሲመጣ ስሙን ጠርቶ ይናገራል ተብሎ ተቀጠረ። (ስለ ውሻ ካነሳን አይቀር፦ የመንገድ ውሻን ሮጦ ማቀፍ በካርቱን ነው የሚያምረው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይመለስም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ለክትባት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህን ተረቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የሚናገረውም ቡችላው ራሱ ነው።)

አህያው ላይ ስንደርስ ተጣላን።

አህያ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት ትባላለች፤ ውሃውን፣ እህሉን፣ እንጨቱን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ስድብ ስንፈልግ ግን ቀድሞ የሚመጣልን ስሙ ነው። አውቶቡስ የተሳፈሩትን የሦስቱን ተረት አስታውሱ። ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ስለጠፋች መኪና ስታይ ትሮጣለች፤ ውሻ መልሱን ስላልሰጡት መኪና ያሳድዳል፤ አህያ ግን ሒሳቡን በትክክል ስለከፈለ መንገድ መሐል ያለ ስጋት ይቆማል። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ሕጋዊ ግብር ከፋይ አህያው ብቻ ነው። ታዲያ ሲያረጅ ብዙ ቦታ ሜዳ ላይ ይለቀቃል፤ የቀረውን ጅብ ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ቄራ ተከፍቶለት ሥጋና ቆዳው ወደ ውጭ ሊላክ ሲል ሕዝቡ ተቆጥቶ ተዘጋ። ለአህያው አዝነን ይሁን ለእኛ ክብር እስካሁን አልገባኝም።

ለአህያው ጠበቃ ሆኜ አንድ እውነተኛ ታሪክ ነገርኳቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ‹ኢትዮጵያ ታንብብ› የተባለ ድርጅት አቋቁመው፣ ሐዋሳ ላይ የልጆች መጻሕፍት በአህያ ጋሪ እየተጫኑ ወደ አንባቢዎቹ ይሄዱ ነበር። ልጆቹ ወደዱት። ግን ትንሹ ዳኛ አልተበገረም። «ያ ወጣት አህያ ነው። የእኛው አርጅቷል፤ መጎተት አይችልም።»

ያኔ አያቱ ጡረተኛ የሆነ አንድ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ጡረታ ይውጣ! ሠርቶ ጨርሷል እኮ።» ገለባውን ማን ይከፍላል ተባለ። «የተሸከመላቸው ሰዎች» አለ። በአሥር ሰከንድ የጡረታ መዋጮን አስረዳ፤ የእኔ መምህር ሦስት ሳምንት ፈጅቶበት ነበር።

ሌላዋ ደግሞ አህያው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ግቢ ይግባ አለች። ሆስፒታሉ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ዛሬ በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። በፊት ግን የታመመን ሰው የራሱ ቤተሰብ ያርቀው ስለነበር፣ ሕክምናው ባለበት አካባቢ ጎጆ ቀልሶ የቀረ ብዙ ነው። ልጅቷ ይህን ከአያቷ ሰምታለች። «ቤት የሌለው ሰው ድሮም እዚያ ነው የሚሄደው» አለች፤ በቃ፣ እንደ አድራሻ።

እስካሁን ዝም ያለች አንዲት ልጅ ነበረች፣ አሥር ዓመት ሊሞላት የደረሰ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤተሰቦቿ በእግር ወጥተው ደብረ ብርሃን ደርሰዋል። ውሻቸው ቀረ። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ሲመለሱ አጥንቱ ቆጥሮ፣ ግን እዚያው በር ላይ አገኙት። «የእኛ ውሻ ቤት አልፈለገም። ቤት የፈለግነው እኛ ነን» አለች። ደብረ ብርሃን ላይ የማያውቋቸው ሴትዮ አንድ ክፍል ለቀውላቸዋል።

ትንሹ ልጅ ትንሽ አሰበና፣ «ሥራችሁ ምንድን ነው አሏችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«አይ። እንጀራ በላችሁ ወይ ነው ያሉን።»

ከዚያ ሌሊት በኋላ ተረቱ ተቀየረ። አንኳኩተው ከሚያልፉት ስድስት በሮች አምስቱ ሥራ ይጠይቃሉ፤ ስድስተኛዋ ሴትዮ እራት በልታችኋል ወይ ይላሉ። ስማቸው በተረቱ ውስጥ የለም፤ ልጅቷ ስለማታስታውሰው ሌላ ስም ይሰጣቸው ብል እንቢ አለች።

አሁን ሙሉ ታሪኩን ስልኬ ላይ በድምፅ እየቀዳሁት ነው፤ ማታ ማታ፣ ልጆቹ እያረሙኝ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውን በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ‹ፀሐይ መማር ትወዳለች› ላይ ያለችው ቀጭኔም የእኛን ትውልድ አሳድጋለች። ለዛሬ ልጅ ግን በስልክ የሚደርሰው አብዛኛው ተረት በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሳሎን ውስጥ ያለ ነው። የእኛው ቢያንስ ምድጃ አለው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። ትንሹ ዳኛ፣ ጅቡም በሩን ያንኳኳል ይላል፤ ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ እሱም እራት አልበላም። ሌሎቹ አይገባም አሉ፤ አህያው ውስጥ ነዋ! ሁለት ማታ ተከራክረንበት አልተስማማንም። ለጊዜው ጅቡን ደጅ ላይ ትተነዋል፤ ቡችላው በበሩ ቀዳዳ እያነጋገረው ነው።