የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይልና ከተራራ የሚወርደው አፈር

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል የሚባል የውኃ ግድብ አለ። ከሰማንያ ዓመት በፊት ለከተማው መብራት እንዲሰጥ የቆመ ሲሆን፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ግድብ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። ያቆመውም ወንዙ ደርቆ አይደለም፤ ጎርፍ ከላይኛው አገር እየጠረገ ያመጣው ደለል የውኃውን ማረፊያ ስለ ሞላውና መኪናዎቹም ስላረጁ ነው። በ2009 ዓ. ም. ታድሶ እንደ ገና ኃይል መስጠት ጀመረ። በመካከሉ ያለ ሥራ ያለፈው ጊዜ ግን ከ40 ዓመት የሚበልጥ ነው።

የዚህ የትንሽ ግድብ ታሪክ ለአውራጃና ለወረዳ ሹማምንት፣ ለባለመሬቶችም የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ከውኃ የሚወጣ ነው። ሌሎች አገሮች የድንጋይ ከሰል፣ ናፍጣ ወይም የተፈጥሮ ጋዝ አንድደው ኃይል ያወጣሉ፤ ኢትዮጵያ ግን ናፍጣን በውጭ አገር ገንዘብ ገዝታ የምታስመጣ ስለ ሆነች፤ በናፍጣ የሚሠራውን መኪና ከዋናው መስመር ለራቁ ከተሞችና ለችግር ጊዜ ብቻ ትይዘዋለች። እንግዲህ የአገሩ መብራት ምንጩ ዝናብ ነው፤ ዝናቡንም ተቀብሎ ወደ ወንዝ የሚሰደው የገበሬው ማሳና የባለመሬቱ ተዳፋት ነው።

የውኃ ኃይል አሠራር ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም፤ የወንዝ ወፍጮ ያየ ሰው ሥሩን ያውቀዋል። ውኃው ከከፍታ ወርዶ ተርቢን የሚባለውን ዘዋሪ መኪና ይገፋል፤ ዘዋሪውም ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን መኪና ያዞረዋል። የሚገኘው ኃይል የሚለካው በሚወርደው ውኃ ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ ነው። የኢትዮጵያ ወንዞች በክረምት ሞልተው በበጋ የሚጎድሉ ስለ ሆኑ ግድብ የግድ ያስፈልጋል፤ ግድቡም ገበሬ እህሉን በጎተራ እንደሚያኖር የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ ያቆየዋል። መለኪያውን ለማስረዳት፤ አንድ ሜጋ ዋት 1,000 ኪሎ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ፤ አንድ ሜጋ ዋት በአንድ ጊዜ ከ250 እስከ 330 ለሚሆን ምጣድ ይበቃል ማለት ነው።

ውኃ ኃይል ሰጥቶ አያልቅም፤ ከመኪናው ወጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ላይ አንዱ ከአንዱ በታች ብዙ ጣቢያ ማቆም ይቻላል። በአዋሽ ላይ ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ በ1952 ዓ. ም. ተከፈተ፤ የተሠራውም ኢጣሊያ ለወረራው ዘመን ጥፋት በከፈለችው ካሣ ነበር። ከእርሱ የወጣው ውኃ ደግሞ በአዋሽ 2ኛና በአዋሽ 3ኛ ጣቢያዎች፤ በእያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው የግቤ ነው። ግልገል ግቤ 1ኛ በ1996 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 184 ሜጋ ዋት ነው። ግቤ 2ኛ የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ከ1ኛው የወጣውን ውኃ ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ፤ 500 ሜትር ያህል ወደ ኦሞ ሸለቆ እያወረደ 420 ሜጋ ዋት ያወጣል። ይኸው ውኃ ኦሞን ይዞ ሲወርድ፤ ቁመቱ 243 ሜትር በሆነው በግቤ 3ኛ ግድብ እንደ ገና ይያዛል፤ በዚያም የቆሙት መኪናዎች አቅም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። በከፋና በጅማ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። በላይኛው አገር የሚበላሸውም ውኃ እንደዚሁ ሦስት ጊዜ ይጎዳል።

ሌሎቹን ጣቢያዎች በአጭሩ ለመጥቀስ፤ በፊንጫ፣ በዋቢ ሸበሌ ላይ በመልካ ዋከና፣ በጣና በለስ፣ በተከዜና በገናሌ ዳዋ የቆሙት ይገኛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በጉባ የተሠራው የዓባይ ግድብ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቆ ተከፈተ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት፤ የሚይዘውም ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይሁን እንጂ የመኪናው አቅምና በዓመት የሚገኘው ኃይል አንድ እንዳልሆነ ሹማምንት ሊያስተውሉት ይገባል። በዚህ ግድብ በዓመት እንዲገኝ የታሰበው ኃይል፤ መኪናዎቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሌትና ቀን ቢዞሩ ከሚሰጡት ሲሶ ያህሉ ነው። መኪናው የቱንም ያህል ቢተልቅ የሚሠራው ወንዙ በሰጠው ልክ ነውና።

ወንዙ ሲከለክል የሚሆነውም በሁለት ክፉ ዘመን ታይቷል። በ1995 ዓ. ም. እና በ2001 ዓ. ም. ዝናብ በማነሱ የግድቦቹ ውኃ ጎደለ፤ መብራትም በተራ መታደል ግድ ሆነ። ፋብሪካዎች በየሳምንቱ ሥራ ፈቱ፤ ወፍጮዎችም ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምንጭ መጨመር ተጀምሯል። በአዳማ በሁለት ጊዜ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፤ በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት የሚሰጡ የነፋስ ጣቢያዎች ቆሙ። ነፋሱ የሚበረታው ወንዝ በሚጎድልበት በበጋ ወራት ስለ ሆነ፤ ለውኃው ጥሩ ባልንጀራ ነው። በላንጋኖ አጠገብ በአሉቶ ከምድር ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት ኃይል ለማውጣት ከተሞከረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን የተገኘው ግን ጥቂት ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የምድር ሙቀት ሀብት ብዙ ሆኖ ሳለ ሥራው መዘግየቱ የሚያሳዝን ነው። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከውኃው ጋራ ሲተያዩ ገና ትንሽ ናቸው።

እንግዲህ የአገሩን መብራት የሚያሰጋው የዝናብ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወረዳ ሹም ምንም ሊያደርግ ባልቻለ ነበር። ሌላው ጠላት ግን በእጅ ያለ ነው፤ እርሱም ደለል ነው። ቆቃ ሥራ በጀመረ በ40 ዓመት ውስጥ ከማረፊያው ከሩብ የሚበልጠው በደለል ተሞላ። ይህን አፈር ያመጡት አዋሽ ራሱና የሞጆ ወንዝ ናቸው፤ እነርሱም ያመጡት ከታረሰው የሸዋ ደጋ ነው። ጎተራው አፈር ሲገባበት የሚይዘው እህል እንደሚያንስ፤ ቆቃም የክረምቱን ውኃ እንደ ቀድሞው መያዝ አይችልም። በዚህ ምክንያት ለበጋ የሚቀረው ውኃ ያንሳል፤ በክረምትም ቶሎ ስለሚሞላ በሩን መክፈት ግድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በታች ያሉት ማሳዎችና መንደሮች በጎርፍ ይወሰዳሉ። በላይ ያረሰው ገበሬ አፈሩን አጣ፤ በታች ያለው ደግሞ ሰብሉን።

ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ አገር የመሬት ሊቅ በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ተመራምረው፤ ከታረሰ መሬት በየዓመቱ የሚጠረገው አፈር በመካከለኛ ግምት ለአንድ ሄክታር 42 ቶን፤ ማለት 420 ኩንታል እንደ ሆነ ጽፈዋል። ሄክታሩ አራት ጥማድ ያህል ቢሆን፤ ከአንድ ጥማድ ከ100 ኩንታል በላይ አፈር ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ወንዝ የሚደርሰው ከፊሉ ነው፤ የቀረው በየተዳፋቱ ግርጌ ይተኛል። ቢሆንም ዓባይ ብቻ ወደ ድንበር የሚያወርደው በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል። የጉባው ግድብ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ደለሉ የሚያሰጋው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ትንንሾቹ ግድቦችና የመስኖ ኩሬዎች ግን ያን ያህል ጊዜ አያገኙም።

ነገሩን የሚያከፋው ሌላ ምክንያት አለ። የአገሩ ግማሽ የሚያህለው ሕዝብ ገና መብራት አላገኘም፤ መብራት ያገኘውም ቢሆን በባላገር የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ተዳፋቱ ይራቆታል። እንጨቱ ሲያልቅ ኩበት ይነዳል፤ ፍግ ሆኖ ማሳውን ሊያፋፋ ይገባው የነበረው ከምጣድ ሥር ዐመድ ይሆናል። የከሳ መሬት ደግሞ አፈሩ አይያያዝም፤ ጎርፍ በቀላሉ ይጠርገዋል። ጎርፉም ሄዶ ግድቡን ይሞላል፤ ግድቡ ሲሞላ ለባላገሩ ሊደርስ የታሰበው ኃይል ይቀንሳል፤ ባላገሩም ወደ ኩበቱ ይመለሳል።

በፊንጫ የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። ግድቡ በተሠራ ጊዜ የለሙ የግጦሽና የእርሻ መሬቶች በውኃ ተዋጡ። መሬታቸውን ያጡት ገበሬዎች ሌላ ሜዳ ስላላገኙ ወደ ተዳፋቱ ወጥተው ደኑን መንጥረው አረሱ፤ ከዚያም የተጠረገው አፈር ተመልሶ ወደ ሐይቁ ገባ። ለተነሡት ሰዎች የሚገባ መሬት በጊዜው ተፈልጎ ቢሰጥ ኖሮ፤ ሰዎቹም ሐይቁም በተጠቀሙ ነበር። በታችኛው ኦሞም ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሕዝቦች፤ ግቤ 3ኛ የወንዙን ሙላት ከያዘው ወዲህ የቀድሞ እርሻቸው ቀርቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ጉዳት በወረዳው ሹም መዝገብ በጊዜው ካልተጻፈ፤ ኋላ ካሣ ለመጠየቅ ማስረጃ ይጠፋል።

ትልቁ የኃይል መስመር በማሳቸው ላይ እያለፈ መብራት ያላገኙ ሰዎችም አቤቱታ ያቀርባሉ። አቤቱታቸው እውነት ነው፤ መልሱ ግን ሊገለጽላቸው ይገባል። በትልቁ ምሰሶ የሚሄደው ኃይል እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፤ ማከፋፈያ ጣቢያና ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይቆም ወደ ቤት ሊገባ አይችልም። የወረዳው ሹም የቤቱን ቁጥር፣ የወፍጮውንና የመስኖ ፓምፑን ብዛት አስቀድሞ አስጽፎ ቢያቀርብ፤ ማከፋፈያው በየት በኩል እንደሚያዋጣ ለመመርመር ይረዳል።

ደለሉን ለመከልከል የሚያስፈልገው ሥራ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን ከፍሎ ማረስ ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ሄዶ ለማየት የቻለ ሹም ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይማራል። እርከን፣ በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር፣ በወንዝ ዳር የሚተከል ሣርና ዛፍ፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ተዳፋት፤ እነዚህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሲሠሩ ይጸናሉ። ከታች ወደ ላይ ሲጀመሩ ግን ከአናት የሚመጣው ጎርፍ ያፈርሳቸዋል፤ ብዙ ድካም የባከነውም በዚህ ነው። ሥራው የሚስማማው አዝመራ ገብቶ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት በጥርና በየካቲት ነው። የበልግ ዝናብ ባለበት አገር ግን ከየካቲት አጋማሽ በፊት ማለቅ አለበት፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሣር ሳይበቅልበት ብርቱ ዝናብ ካገኘው፤ እርሱው ራሱ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደው ደለል ይሆናልና።