ሳይፈርስ የሚለወጥ ቤት

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣና ከታች ሲደርስ አጣጥፎ በክንዱ ይይዘዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከፍታው በያንዳንዱ መቶ ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ሰውስ እንደ አየሩ ሁኔታ ልብሱን ይደርባል፣ ያወልቃልም። ቤቱ ግን ምን ያድርግ? ላይም ታችም ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው የመስኮት ልክ ነው። የደሴው ነዋሪ በክረምት ይንዘፈዘፋል፤ የኮምቦልቻው ደግሞ በግንቦት ቀትር ከቤቱ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል።

ይህን ነገር እንድናስብ ያደረገን በሩቅ አገር የተካሄደ አንድ የተማሪዎች ውድድር ነው። ስሙ ሶላር ዴካትሎን ይባላል። ዴካ በግሪክ ቋንቋ ዐሥር ማለት ሲሆን፣ ቤቶቹም በዐሥር ረድፍ ስለሚመዘኑ ከአትሌቲክሱ ስም ተውሶ ነው። የመጀመሪያው በመስከረም 1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. ወደ ማድሪድ ተሻገረ፤ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይም ወደ አህጉራችን መጥቶ በሞሮኮ በቤን ገሪር ከተማ ተካሂዶአል። ተወዳዳሪዎቹ ተማሪዎች ንድፍ በወረቀት አቅርበው ብቻ የሚመለሱ አይደሉም። ቤቱን በገዛ እጃቸው ያቆሙታል፤ ከፀሐይ ባገኙት ኃይል ያበሩታል፤ እንደ ውድድሩም ልማድ ወጥ ሠርተው ጎረቤት ይጋብዙበታል። እንግዳ የማይቀመጥበት ቤት ቤት አለመሆኑን እነርሱም ዐውቀዋል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ግን በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ የተደረገው ነው። በዚያ ውድድር ተማሪዎቹ በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ቤት እንዲነድፉ አልተጠየቁም። ጥያቄው፣ አሮጌውን ሕንፃ ሳታፈርሱ እንዴት ታድሱታላችሁ፣ በላዩስ ፎቅ እንዴት ትጨምራላችሁ፣ በሁለት ቤቶች መካከል የቀረውን ክፍተትስ እንዴት ትሞላላችሁ የሚል ነበር። የአንደኝነቱን ሽልማት ያገኙት ከካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጡት ተማሪዎች ናቸው። በከተማው ውስጥ የሚገኘውን ካፌ አዳ የተባለውን ነባር ቤት መርጠው በጣራው ላይ መኖሪያ የሚጨምር ንድፍ አወጡለት። ዕቃቸው እንጨት፣ የጭቃ ምርጊት፣ የባሕር ሣር፣ ከሌሎች አሮጌ ቤቶች የተነቀለ ቁሳቁስ ነበር። ክፍሎቹን በሙጫ አላጣበቁም፤ ሌላ ቀን ተፈታቶ ሌላ ነገር እንዲሠራበት አሰቡ እንጂ። ሁለተኛነት ካገኙት መካከል የሆላንዶቹ የዴልፍት ተማሪዎችም ከጦርነቱ በኋላ በሄግ ከተማ በተሠሩ አሮጌ አፓርትመንቶች ላይ ፎቅ መጨመርን ነበር ያቀዱት።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። የካርልስሩኸን ተማሪዎች ከመሩት ፕሮፌሰሮች አንዱ ዲርክ ሄብል ናቸው። እኒህ ሰው በአዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው፣ በ1947 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ተቋቁሞ ሕዝቡ ሕንፃ ኮሌጅ እያለ የሚጠራው ትምህርት ቤት የዛሬውን የኢንስቲትዩትነት መልክ ሲይዝ የመጀመሪያው የሳይንስ ዲሬክተር ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የዙሪክ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በአዲስ አበባ ማቆማቸው የሚታወስ ነው። በቩፐርታል የተሸለመው ጭቃ ለእኛ ባዕድ አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

ወደ ደሴ እንመለስ። በቅርቡ ከከተማዪቱ ሠፈሮች በአንዱ ስናልፍ አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ቡና ሲያፈሉ አገኘናቸው። «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» አሉን፤ ወሎ ነውና እምቢ አይባልም። ቤታቸው መጀመሪያ አንዲት ክፍል ነበረች። ልጅ ሲወለድ ጓዳ ተቀጠለላት፤ ልጁ ሚስት ሲያገባ በስተኋላ ሰርቪስ ተሠራ፤ ልጁ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሰርቪሱ ለተከራይ ሆነ፤ የፊተኛውም ክፍል ግድግዳው ተፈልፍሎ ሱቅ ወጣለት። «መሐንዲሱ ማን ነበር እማማ?» ብንላቸው፣ «ችግር ነዋ ልጄ!» ብለው ሣቁ። ማገሩ እንጨት፣ ምርጊቱ ጭቃ ስለሆነ በር የሚወጣበትን ቦታ መክፈት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በሲሚንቶ የተሠራው ቤት ይህን በቀላሉ አይፈቅድም።

ሆኖም ነገሩን አናሳምረው። ያለ ባለሙያ በተቀጠለ ቤት ውስጥ ብርሃን የማይገባበት ክፍል፣ ጢስ የማይወጣበት ማድ ቤት አለ። በነባር ቤት ላይ ፎቅ መጨመርም በወሎ እንደ ቩፐርታል ቀላል አይሆንም። ሁለቱ ከተሞች የተቀመጡት በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱን ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በደሴ ዙሪያም ተዳፋቱ በክረምት ይንሸራተታል። እንግዲህ የሕዝቡን ብልኀት ከስሌት ጋር የሚያገናኝ ተማሪ ያስፈልጋል።

ለብልኀቱማ መምህር ሞልቶአል። ከኮምቦልቻ በባቲ መንገድ ወርዶ የሰኞን ገበያ የተመለከተ ሰው ከአፋር በረሓ የመጡትን ግመሎች ያያል። በአፋር ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የታጠፉ ዘንጎች ይተክሉና ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ያለብሱታል። ሙቀት ሲበረታ ሰሌኑን ገለጥ አድርገው ነፋስ ያስገባሉ፤ መንጋው ሲንቀሳቀስ ቤቱ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። የካርልስሩኸ ተማሪዎች ያለ ሙጫ ለመሥራት የደከሙበትን ነገር የአፋር እናት ከእናቷ ተምራዋለች።

ቤት መለወጥ ሲያቅተው ምን እንደሚደርስ ግን ሁለቱ ከተሞች በዚያው በ2014 ዓ.ም. አይተውታል። ውድድሩ ከመደረጉ ዘጠኝና ዐሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ከሰሜን ወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴ ጎርፎ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለለ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ፣ ጉዳትም ደረሰበት። ለቀን ትምህርት የታሰበ ክፍል ሌሊት ቤተ ሰብ አያሳድርም። ማድ ቤት የለውም። መጸዳጃው ለዕረፍት ሰዓት እንጂ ለወላድና ለሽማግሌ አልተሠራም። ዴስኩ ግቢ ተጥሎ ዝናብ ይመታዋል፤ እናት ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ልጅዋን ታስተኛለች፤ በቤተ ሰብና በቤተ ሰብ መካከል ያለው ግድግዳ የተዘረጋ ነጠላ ብቻ ነው።

እኛ መሐንዲስ አይደለንም። ነገር ግን በረንዳው ሰፋ ቢል፣ የጣራው ውኃ ወደ ታንከር ቢወርድ፣ ሁለት ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ የሚከፈትና የሚዘጋ ቢሆን፣ ግቢው ጥግ ላይ ምድጃ የሚቆምበት መጠለያ ቢኖር፣ ያ ትምህርት ቤት በሰላም ቀን የወላጆች መሰብሰቢያና የምገባ ቦታ፣ በክፉ ቀን ደግሞ የሰው ማደሪያ መሆን ይችል ነበር። ይህ ለተማሪዎች ውድድር የሚበቃ ጥያቄ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ነባር ሕንፃም በእግር ሄደው የሚለኩት ሞልቶአል። ደሴን የሚያሞቅ፣ ኮምቦልቻን የሚያቀዘቅዝ አንድ ንድፍ አምጡ ቢባሉ ደግሞ ፈተናው 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ይፈጅባቸዋል። ሽልማቱ ብዙ ገንዘብ ባይሆንም ግድ የለም፤ ያሸነፈው ንድፍ ይሠራ እንጂ።

በደሴ ከአንድ ትምህርት ቤት ገብተን ነበር። በአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ምስማር ተመትቶበታል። ተፈናቃዮቹ ልብሳቸውን ይሰቅሉበት እንደነበር ዲሬክተሩ ነገሩን። ግድግዳው ሲታደስ ቀለም ቀቢው ምስማሮቹን ልንቀላቸው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ፤ እርሳቸውም ተዋቸው አሉት። በሄድንበት ጠዋት በያንዳንዱ ምስማር ላይ የልጆቹ የደብተር ቦርሳ ተንጠልጥሎ አየን።