ፍሬዛና ትራፓኖ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀዘቅዙ

ፍሬዛም ሆነ ትራፓኖ ብረት በሚቆርጥበት ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ካልተወገደ ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፤ የሚሠራውም ዕቃ ከልኩ ይወጣል። የተለመደው መፍትሔ ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ማፍሰስ ነው። ይሁን እንጂ ድብልቁ ሲሰነብት ባክቴሪያ ያፈራል፤ የሠራተኛውን ቆዳ ያስቆጣል፤ ያለ ጥንቃቄ ሲደፋም ወንዝ ይበክላል።

በአማራጭነት የቀረበው፣ ከአምቦ ውኃ ጋር ሁላችንም የምናውቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ57 ባር ያህል ግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። በስለቱ አጠገብ ሲለቀቅ ግፊቱ በድንገት ስለሚወድቅ፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ወደሚደርስ ደረቅ በረዶና ጋዝ ይለወጣል። በረዶው ሙቀቱን ወስዶ ስለሚተን ዕቃው ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ሆኖም ጋዙ እንደ ዘይት አያለሰልስም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዘይት አብሮት ይረጫል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በታይታኒየም ላይ ነው። ይህ ብረት ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ግለቱ በስለቱ ላይ ይከማቻል። ዋና መሥሪያ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ አርሊንግተን ያደረገው ቦይንግ የሚሠራው 787 አውሮፕላን፣ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ታይታኒየም፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ውሕድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህንኑ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። ውሕዱና ታይታኒየሙ ተደራርበው ሲበሱ ፈሳሹ ውሕዱን ሊበክል ስለሚችል፣ ደረቁ ማቀዝቀዣ ተፈላጊ ይሆናል።

ታዲያ ይህ ጥበብ ለአገራችን ይበጃልን? መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል። ጋዙ ከ31 ዲግሪ በላይ ፈሳሽ ሊሆን አይችልም፤ በድሬዳዋ ሐሩር ማከማቻው ራሱ ማቀዝቀዣ ይሻል፤ በአዲስ አበባ ግን ችግሩ ይቀልላል። ከአየር ስለሚከብድም በዝግ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ ሰው ሊገድል ይችላል፤ በቂ የአየር መተላለፊያና የጋዝ መለኪያ የግድ ነው። በሌላ በኩል ቢራ ሲጠመቅ የሚወጣውን ጋዝ አጥርቶ መጠቀም ይቻላል።

እንደ አቃቂ ባለ የመለዋወጫ ሥራ የሚቆረጠው በአብዛኛው ተራ ብረትና ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው። ቀልጦ የተቀረጸው ብዙ ጊዜ ያለ ፈሳሽም ይቆረጣል፤ ለተራው ብረት በንጽሕና የተያዘ ድብልቅ ይበቃዋል። እዚያ የውጭ ምንዛሪን ለአዲስ መሣሪያ ከማፍሰስ ይልቅ የድብልቁን አያያዝና የሠራተኛውን ጤና መጠበቅ ይቀድማል። የሠለጠነ ምርጫ ማለት አዲሱን ሁሉ ማስገባት ሳይሆን፣ የትኛው ብረት ምን እንደሚሻ ለይቶ ማወቅ ነው።