የሴት ሹም ቃልና የሚሰጣት መልስ

ሹም ለሕዝብ ቃሉን የሚያሰማበት መሣሪያ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ቀድሞ የመንግሥት ቃል ይሰማ የነበረው ነጋሪት ተጐስሞ ዐዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ሲናገር ነው። ዛሬ ግን ሚኒስትሩም ከንቲባዋም የጻፉትን ባላገሩ በእጁ ከያዘው ስልክ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ያነበዋል። በነጋሪት የሚናገረው አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ በዚህኛው ግን አንባቢውም ወዲያው ይመልሳል። ስለዚህ ሹም ምን ተናገረ ብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ ምን ተመለሰለት ብሎ መመርመርም ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው በፖለቲካ ነገር የሴት ቃል የለዘበ፣ የወንድ ቃል የበረታ ይመስለዋል። ነገር ግን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 በአሜሪካ በተደረገው ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደሩት በትዊተር የጻፉትን ሊቃውንት ቢመረምሩት፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ አብልጠው የጻፉ፣ ተቃዋሚያቸውንም አብልጠው የነቀፉ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የሚከብደው ልዩነት በተናጋሪዋ አንደበት ያለው አይደለም፤ በሚሰጣት መልስ ያለው ነው። ወንዱ ሹም ሲሳሳት ሥራው ይነቀፋል፤ ሴቲቱ ስትሳሳት ግን ብዙ ጊዜ ሥራዋ ተትቶ መልኳ፣ ልብሷና ትዳሯ ይነሣል።

የዓለም ምክር ቤቶች ኅብረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ከ39 አገሮች 55 ሴት እንደራሴዎችን ጠይቆ ነበር። ከእነርሱም 81.8 በመቶ የሚሆኑት መንፈሳቸውን የሚያቆስል ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ 44.4 በመቶ የሚሆኑትም የመገደል፣ የመደፈር፣ የመደብደብ ወይም የመጠለፍ ዛቻ ተዝቶባቸዋል።

በኢትዮጵያም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሆነው ተመረጡ። በዚያ ዕለት በምክር ቤት ሲናገሩ፣ ስለ ሴቶች ብዙ ተናገሩ የሚል ቢኖር ገና መጀመራቸው መሆኑን አስታወቁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥልጣናቸውን ሊያስረክቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ግን በኤክስ ገጻቸው ስለ ዝምታ የተዘፈነውን የመሐሙድ አህመድን ዘፈን ጠቅሰው፣ እርሳቸውም ዝምታን ዓመት ሙሉ እንደ ሞከሩት ጻፉ። ሰውም ትርጉሙን እንደየልቡ ተረጐመው።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት በአገራችን መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የወሎ ታሪክ ይህን ተረት ያፈርሰዋል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት የወሎን ምድር በልጆቻቸው ስም ተከፋፍለው የገዙ፣ እርስ በርሳቸውም የተፎካከሩ ሴቶች ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት በመጡ ጊዜ፣ የወይዘሮዋ ልጅ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። ወይዘሮዋ ግን እንግዳውን ተቀብለው ወደ ሸዋ ሸኙት፤ ልጃቸውም በዚሁ ምክንያት ተገደለ። ስለ እኒህ ሴት የሚነገረው ፍርዳቸውና የከፈሉት ዋጋ ነው እንጂ መልካቸው አይደለም።

ይህ ሲባል ሴት ሹም አትነቀፍ ማለት አይደለም። መንገዱ ሳይሠራ ቢቀር፣ ግብሩ ያለ አግባብ ቢጫን፣ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ቢያጣ፣ ወንድም ሆነ ሴት ሹሙ ሊጠየቅ ይገባዋል። የሥራ ነቀፌታ መንግሥትን ያቀናል፤ የገላ ስድብ ግን ሰዳቢውንም ሰሚውንም ያዋርዳል። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሰውን በጾታው ምክንያት እንዲጠላ ሆን ብሎ ማነሣሣትን ከልክሏል። ነገር ግን ሕግ በየሰው ጣት ላይ ዘበኛ ሊያቆም አይችልም።

ጉዳቱም ለተሰደበችው ሴት ብቻ አይደለም። በመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ያለች ልጅ በስልክ ላይ ስድቡን ስታነብ፣ ነገ ሹመት ቢቀርብላት ምን እንደሚጠብቃት ዛሬ ትማራለች። እርስዋም ዝም ካለች አገር ያጣው አንዲት ሴትን ብቻ ሳይሆን ምክሯንም ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው መልስ ከመጻፉ በፊት፣ ይህን ቃል በሸንጎ ቆሜ በእናቴና በእኅቴ ፊት እናገረዋለሁን ብሎ ራሱን ይጠይቅ።