እንጨት የነበረ ድንጋይ

ሐዘን የደረሰበት ሰው ሐዘኑን በልብሱ እንዲገልጥ በየአገሩ ልማድ አለ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ጥቁር ይለብሳል፤ ጌጡንም ያወልቃል። በእንግሊዝ አገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ሐዘንተኛይቱ ሴት ጌጥን ፈጽማ አትተውም ነበር። ወርቁንና ዕንቍውን አስቀምጣ በእነርሱ ፈንታ እንግሊዞች «ጄት» የሚሉትን ጥቁር ድንጋይ በአንገቷና በደረቷ ላይ ታደርግ ነበር። ዛሬ የዚህን ድንጋይና የሠሪዎቹን ነገር ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ ወደድን፤ የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚለማና እንዴት እንደሚጠፋ ያስተምራልና። ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ጄት ድንጋይ ይባል እንጂ በጥንተ ተፈጥሮው እንጨት ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ከዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ፥ ከአራውካርያ ወገን የሆነ ዛፍ ወድቆ ወደ ባሕር ገባ፤ በባሕሩም ወለል ጭቃ ተጫነው። አየር ስላላገኘው ሳይበሰብስ፥ በክብደት እየተጨመቀ በረዥም ዘመን ጠቈረ፤ ጠነከረም። ስለዚህ በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፤ እንደ ሌላ ድንጋይም አይቀዘቅዝም፤ በእሳትም ይነዳል።

ስመ ጥር የሆነው ጄት የሚገኘው በዮርክሺር፥ በዊትቢ ከተማ አጠገብ ባለው የባሕር ገደል ውስጥ ነው። በዚሁ ገደል አሞናይት የሚባል፥ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ የጥንት የባሕር እንስሳ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ይገኛል። በ657 በዊትቢ ገዳም የመሠረተችው ቅድስት ሂልዳ እባቦችን ወደ ድንጋይ ለወጠቻቸው የሚል ተረት ስለ ነበረ፥ ባለ እጆቹ በአሞናይቱ ጫፍ የእባብ ራስ እየቀረጹ ለእንግዳ ይሸጡ ነበር። የከተማይቱም አርማ ሦስት እንደዚህ ያሉ እባቦች አሉበት።

ጄትን መሥራት እጅግ የቈየ ነው፤ ሮማውያን ብሪታንያን በገዙበት ዘመን በዮርክ ከተማ የሥራ ቤት ነበረው። ነገር ግን ታላቅ ንግድ የሆነው በ19ኛው መቶ ዓመት፥ በቢላዋና በሞረድ ይሠራ የነበረው በመዘውር መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የዊትቢ ጄት ታየ። በታኅሣሥ 14 ቀን 1861 የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ጥቁር ለበሰች፤ በ1901 እስክትሞትም ድረስ አላወለቀችውም። መኳንንቱም ሕዝቡም ተከተሏት፤ ስለዚህ በ1870ዎቹ ዓመታት በዊትቢ ከሺህ የሚበልጡ ወንዶችና ልጆች በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ነበር።

ሥራው ድካምና አደጋ ነበረበት። አንዳንዱ ገደሉን ሰርስሮ ይገባል፤ አንዳንዱም በገመድ ተንጠልጥሎ ይቈፍራል። ባለ እጁ የድንጋዩን ቅርፊት ይፍቃል፤ ይቈርጣል፤ በሚሽከረከር ሞረድ ያስተካክላል፤ በቢላዋ አበባና ቅጠል ይቀርጽበታል፤ በመጨረሻም በቀይ ዱቄትና በዘይት እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለውለዋል። ስንጥቅ ያለበትን ቢሳሳት የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሰበራል። ይህን ማወቅ በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም፤ ልጅ በሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ በጣቱ የሚማረው ነው።

ጥፋቱም የመጣው ከገዢ አለማወቅ ነው። ነጋዴዎች ለስላሳና ርካሽ የሆነውን የስፔን ጄት አመጡ፤ እርሱም በሙቀትና በቅዝቃዜ ስለ ተሰነጠቀ የእውነተኛው ስም ጠፋ። ከዚያም ጥቁር ብርጭቆና በድኝ የጠነከረ ጎማ በጄት ስም ተሸጠ። የሐዘን ጌጥ ልማድ በቀረ ጊዜ ሥራ ቤቶቹ ተዘጉ፤ አባቶችም ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ሥራ ሰደዱ።

ስለዚህ እመቤቶች መለያውን ቢያውቁ መልካም ነው። ጄት ባልተወለወለ ነጭ ሸክላ ላይ ሲያሹት የቡና መልክ ያለው መስመር ያወጣል፤ የድንጋይ ከሰል ግን ጥቁር ያወጣል። ብርጭቆ ለእጅ ይቀዘቅዛል፥ ይከብዳልም። ጎማው ሲታሽ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ፀሐይም ሲያገኘው መልኩ ይደበዝዛል።

ከብዙ ዘመን በኋላ በዊትቢ በአንድ አሮጌ ቤት ጣራ ሥር የቀድሞ ባለ እጆች የሥራ ቤት ከነመሣሪያው ተገኘ፤ ዛሬም ለጐብኚ ይታያል። ጥቂት ሠራተኞችም እስከ ዛሬ ጄት ይቀርጻሉ። ነገር ግን የሺህ ሰው ዕውቀት በጥቂቶች እጅ ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል። በእኛም ቤት ያለው መስቀል፥ ብርሌና መሶብ ሠሪ አለው፤ የሠሪው ልጅ የአባቱን ሥራ እንዲይዝ ወይም እንዲተው የሚያደርገው፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለይቶ ተገቢውን ዋጋ የሚከፍል ገዢ መገኘቱ ወይም መጥፋቱ ነው። ይህንንም ባለጠጎችና ሹማምንት በየቤታቸው ቢያስቡበት እጅግ ይጠቅማል እንላለን።