ክትባትና ኦቲዝም፦ የእናት ጥያቄና የጤና ባለሙያው መልስ

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በከተማው አስተዳደር ሥር ያለች አካባቢ ናት። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገሩባታል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተቋቋመባት ወዲህ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ከየአቅጣጫው ይመጣባታል። በድሬዳዋና በዙሪያዋ በባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ጥቂት ባለመሆኑ፣ በሚኒሶታ የሚወራ ነገር በስልክ እዚህ ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አይፈጅበትም። እንዲህ ባለ አካባቢ ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ያመጣች እናት፣ «ሲስተር፣ ይህ መርፌ የልጅን አፍ ይዘጋል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ብትጠይቅ የጤና ባለሙያዋ ምን ትመልስላታለች?

«ሐሰት ነው» ማለት ትክክል ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጠያቂዋ እናት ወሬው ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደ ተመረመረና ሌሎች ሕፃናት ለምን መናገር እንዳቆሙ ካልተነገራት፣ በዝምታ ወጥታ በሚቀጥለው ቀጠሮ ልትቀር ትችላለች። ይህ ጽሑፍ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ እንዲሰጡ የሚረዳቸውን መረጃ ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክሱ አመጣጥ

ክሱ የተነሣው በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዶክተር አንድሪው ዌክፊልድ ከ12 ባልደረቦቹ ጋር በየካቲት 1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የተመለከተው 12 ሕፃናትን ብቻ ነበር። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከአንጀት ሕመምና ከዕድገት መዛባት ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ጥርጣሬ አቀረበ። ለንጽጽር የሚሆን ያልተከተበ ቡድን አልነበረውም። ዌክፊልድ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ሦስቱ ክትባቶች ተነጣጥለው እንዲሰጡ በመምከሩ ጉዳዩ ከመጽሔቱ ወጥቶ በሕዝብ ዘንድ ተሰራጨ።

በ2004 ጋዜጠኛው ብራያን ዲር፣ ዌክፊልድ በክትባት አምራቾች ላይ ክስ ከሚያዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ መቀበሉን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ከ13ቱ ደራሲዎች 10ሩ በጽሑፉ ከተሰጠው ትርጓሜ ራሳቸውን አገለሉ። በጥር 2010 የብሪታንያ የሕክምና ምክር ቤት በሕፃናቱ ላይ የተደረገው ምርመራ የሕክምና ሥነ ምግባርን የጣሰ መሆኑን ወሰነ፤ በየካቲት ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ በግንቦትም ዌክፊልድ ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2011 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች በላንሴት የታተመው መረጃ ከሕፃናቱ የሕክምና መዝገብ ጋር እንደማይጣጣም አሳይቶ ሥራውን ማጭበርበር ሲል ሰየመው።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

የአንድ ጽሑፍ መሰረዝ ብቻውን ጥርጣሬውን ሐሰት አያደርገውም። ጥርጣሬውን የመለሱት በብዙ መቶ ሺሕ ሕፃናት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ናቸው። በዴንማርክ በ2002 ይፋ የሆነው ጥናት ከ537,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ጥምር ክትባቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በኦቲዝም ረገድ ልዩነት አላገኘም። በዚያችው አገር በ2019 የታተመው ሁለተኛ ጥናት 657,461 ሕፃናትን አካቷል። በዚህኛው ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ሕፃናት ተለይተው ተመርምረዋል። በተፈጥሮ የተጋለጡ ናቸው በሚባሉት በእነዚህም ላይ ክትባቱ አደጋውን ከፍ አላደረገም።

ከጃፓን የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ለማስረዳት ይቀላል። ጃፓን ጥምር ክትባቱን በ1993 አቆመች። በ2005 የታተመ የዮኮሃማ ጥናት እንዳሳየው፣ ክትባቱ ከቆመ በኋላም በምርመራ የሚታወቀው የኦቲዝም ቁጥር ማደጉን ቀጠለ። መንሥኤው ክትባቱ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት።

የኢትዮጵያ ሁኔታም ሊጤን ይገባዋል። አገሪቱ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን ከ1980 ጀምሮ ስታካሂድ፣ ክርክሩ በጦፈባቸው ዓመታት በመደበኛነት ትሰጥ የነበረው የኩፍኝን ክትባት ለብቻው ነበር። ይህ ዌክፊልድ ራሱ ይሻላል ያለው አሰጣጥ ነው። ሆኖም ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ኢትዮጵያ ውስጥም ነበሩ። የአንድ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ልጆቹ የሚውሉበት ቦታ በማጣታቸው ነበር። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ መንሥኤው ከጥምር ክትባቱ ውጭ መፈለግ እንዳለበት ግን ያመለክታል።

ስለ ሜርኩሪ የሚነሣው ጥያቄ

ሁለተኛው ክስ ያረፈው ቲዮመርሳል በተባለ፣ ሜርኩሪ ባለበት የክትባት መጠበቂያ ላይ ነው። ቲዮመርሳል ብዙ ሕፃናት ከሚከተቡበት ብልቃጥ መድኃኒት በሚቀዳበት ጊዜ ባክቴሪያ እንዳያድግ ይከላከላል። ሕያው ቫይረስ ባለበት የኩፍኝ ክትባት ውስጥ ግን የለም። ኢትዮጵያ በ2007 የጀመረችውን ፔንታቫለንት የመሳሰሉ ሕያው ያልሆኑ ክትባቶች በባለ ብዙ መጠን ብልቃጥ ሲቀርቡ ሊኖርባቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት የሜርኩሪ ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። በተበከለ ዓሣ የሚገኘውና ነርቭን የሚጎዳው ሜቲል ሜርኩሪ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ቲዮመርሳል የሚሰጠው ኤቲል ሜርኩሪ ደግሞ መጠኑ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ግማሹ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ከደም ይወገዳል። አሜሪካ ለጥንቃቄ ስትል ቲዮመርሳልን እስከ 2001 ድረስ ከመደበኛ የሕፃናት ክትባቶች አስወጣች፤ የኦቲዝም ቁጥር ግን ከዚያም በኋላ አልቀነሰም።

ጊዜው ለምን ይገጥማል?

ወላጆች የሚናገሩት ነገር ብዙ ጊዜ በዓይናቸው ያዩት ነው፤ ልጁ ተከተበ፣ ከዚያም ቃላቱን አጣ። ስሕተቱ ያለው በምልከታው ላይ ሳይሆን ከእርሱ በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። የኦቲዝም ምልክቶች ለቤተሰብ ጎልተው የሚታዩት በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጥቂት ቃላት ከጀመሩ በኋላ በዚሁ ዕድሜ ያጧቸዋል። ክትባት የሚሰጠውም በዚሁ ወቅት ስለሆነ ሁለቱ ነገሮች በብዙ ሕፃናት ላይ መገጣጠማቸው አይቀርም።

ይህ ነጥብ በኢትዮጵያ ከበፊቱ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። የኩፍኝ ክትባት ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው በ9 ወር ብቻ ነበር። በ2019 ግን በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ መጠን ተጨመረ። በ15 ወር ደግሞ ልጁ ለምን አይናገርም የሚለው ስጋት በቤት ውስጥ ይጀመራል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ጥያቄውን ወደፊት ደጋግሞ ሊሰማው ይችላል።

የኦቲዝም መንሥኤ ሙሉ በሙሉ ባይታወቅም ብዙ ነገር ተደርሶበታል። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ ሲሆን፣ በአእምሮ አወቃቀር ላይ የሚታየው ለውጥ ከመወለድ በፊት ይጀምራል። ከታወቁት የእርግዝና ጊዜ አደጋዎች አንዱ እናት በሩቤላ መያዟ ነው። በዚህ ረገድ የሩቤላ ክትባት ኦቲዝምን ማምጣቱ ቀርቶ አንዱን መንገድ ይዘጋል።

ፍርሃት ያስከፈለው ዋጋ

በሚኒሶታ የሚኖሩ የሶማሌ ተወላጆች ከ2008 ገደማ ጀምሮ በልጆቻቸው መካከል ኦቲዝም በዝቷል የሚል ስጋት አደረባቸው። የክትባት ተቃዋሚዎች ወደ ማኅበረሰቡ ዘልቀው ገቡ፤ ዌክፊልድም ራሱ በቦታው ተገኝቶ ወላጆችን አነጋገረ። ከ90 በመቶ በላይ የነበረው የሶማሌ ሕፃናት የጥምር ክትባት ሽፋን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። በ2011 ኩፍኝ 21 ሰዎችን ያዘ፤ በ2017 ደግሞ 75 ሰዎችን ያዘ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ሕፃናት ነበሩ። ሽፋኑ ሲወርድ ኦቲዝም አልጠፋም፤ የጠፋው ከኩፍኝ የመከላከል አቅም ነው።

ሚኒሶታ ሆስፒታልና ኦክስጅን ያላት ስለሆነች በ2017ቱ ወረርሽኝ የሞተ ሰው አልነበረም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን ኩፍኝ ምን እንደሚያደርግ በሌላ ታሪክ ታይቷል። በ1999 እና በ2000 ድርቅ በጎዳው በሶማሌ ክልል ጎዴ ወረዳ የተካሄደ ጥናት፣ ከሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት መካከል 22 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በኩፍኝ ወይም ኩፍኝ ከምግብ እጥረት ጋር ተደርቦባቸው መሆኑን አሳይቷል። በተጎሳቆለ ሕፃን ላይ ኩፍኝ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ዓይነ ስውርነት ያስከትላል።

የኩፍኝን መተላለፍ ለመግታት ከሕዝቡ 95 በመቶ የሚሆነው የመከላከል አቅም ሊኖረው ይገባል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ 89፣ በአፋር 15 በመቶ። ድሬዳዋ ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ የተሻለች ብትሆንም፣ ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት ከተማ የጎረቤቶቿን ክፍተት ትጋራለች። የአብዛኞቹ ያልተከተቡ ሕፃናት ችግር ርቀት፣ የእናት የሥራ ጫናና የአገልግሎት መቆራረጥ ነው። በዚህ ላይ ፍርሃት ከተጨመረ ክፍተቱ ይሰፋል።

ክርክሩ ገና አላበቃም። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለሕዝብ የሚያቀርበውን መረጃ ለውጦ፣ «ክትባት ኦቲዝምን አያመጣም» የሚለው አባባል በማስረጃ የተደገፈ አይደለም አለ። ያቀረበው ምክንያት ጥናቶቹ ዕድሉን ፈጽመው አላስወገዱም የሚል እንጂ፣ ክትባት ኦቲዝምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ አዲስ ጥናት አልነበረም። በቀጣዩ ወር የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት አማካሪ ኮሚቴ ማስረጃውን እንደገና መርምሮ፣ በክትባትና በኦቲዝም መካከል የመንሥኤነት ግንኙነት የለም የሚለውን ድምዳሜውን አጸና። የጤና ባለሙያው ይህን ዜና የሰማ ወላጅ ሲገጥመው ሊደነግጥ አይገባውም፤ የተለወጠው የአንድ መሥሪያ ቤት አገላለጽ እንጂ የሕፃናቱ መረጃ አይደለም።

በጤና ተቋም ደረጃ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጥያቄው በአክብሮት ይደመጥ። ወላጁ የሰማውን እስኪጨርስ መታገሥ፣ በሚናገረውም ቋንቋ ማስረዳት ይገባል። ከቁጥር ብዛት ይልቅ የጃፓን ታሪክና የዕድሜው መገጣጠም በቀላሉ ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛው የጎንዮሽ ጉዳት አይደበቅ። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳትና ሽፍታ ሊታይ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የሚጥል ሕመም ያጋጥማል። ይህን አስቀድማ የሰማች እናት ትኩሳቱን ስታይ አትደነግጥም፤ ያልሰማችው ግን ጎረቤት የነገራትን ታምናለች። ከክትባት በኋላ የታየ ያልተለመደ ነገር ሁሉ ተመዝግቦ ሪፖርት ይደረግ።

ሦስተኛ፣ የክትባት ቀን የልጁ ዕድገት የሚታይበትም ቀን ይሁን። በ12 ወር የማይጠቁምና በእጁ ምልክት የማይሰጥ፣ በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወር አንድም ቃል የሌለው ወይም የነበረውን ቃል ያጣ ልጅ ካለ፣ የመስማት ችሎታው ይመርመርና ወደሚቀጥለው ተቋም ይላክ። «ትንሽ ይቆይ፣ ይናገራል» ብሎ መመለስ የልጁን ጊዜ ማባከን ነው።

አራተኛ፣ እናት ከጥፋተኝነት ስሜት ትጠበቅ። በ2016 የታተመ፣ በአዲስ አበባ የዕድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ብዙዎቹ የልጁን ችግር ከወሊድ ጉዳትና ከራስ ምት ጋር ብቻ ሳይሆን ከርኩስ መንፈስና ከኃጢአት ቅጣት ጋርም እንደሚያያይዙት አሳይቷል። ክትባትን መክሰስ በዚሁ መዝገብ ላይ ሌላ ጸጸት ይጨምራል፤ ልጇን ለማዳን ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣችው እናት ራሷን እንደ በዳይ ትቆጥራለች። ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ከጤና ባለሙያ አንደበት መስማቷ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚያስፈልጋት ነገር ነው።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የንግግር፣ የትምህርትና የእንክብካቤ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አገልግሎቱ ከአዲስ አበባ ውጭ እጅግ ጥቂት ነው፤ እንደ መልካ ጀብዱ ባሉ አካባቢዎች ለወላጅ ቅርብ የሆነው ባለሙያ ክትባት የሚሰጠው ሠራተኛ ነው። ያ ሠራተኛ ስለ መርፌው የተጠየቀውን በትክክል መልሶ፣ ስለ ልጁ ያልተጠየቀውንም ካስተዋለ፣ እናቲቱ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ትመለሳለች፤ ልጇም እርዳታ ሊያገኝ በሚችልበት ዕድሜ ይታያል።