የእኛ ወለል የጎረቤት ጣሪያ ነው

ሰው በዕድሜው ከሚያገኛቸው ደስታዎች አንዱ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ መክፈት ነው። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃውን ሲያመላልስ የኖረ ሰው ቁልፉን በተረከበ ዕለት፣ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ወለሉም ባዶ ሲሚንቶ ቢሆን እንኳ ቤቱ ቤተ መንግሥት መስሎ ይታየዋል። ደስታው የተገባ ነው። ነገር ግን ከደስታው ቀጥሎ ሥራው ይመጣል፤ ከሥራውም ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚበላውና ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ከክፍሎቹ ሁሉ ትንሹ፣ ማለት የመታጠቢያው ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ ክፍል ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

አዲስ አበባ ከውሃና ከመታጠብ ጋር አብራ የተወለደች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲቆረቁሩ የፍል ውሃው ነገር ምን ያህል ልባቸውን እንደሳበው የታወቀ ነው። በ1880ዎቹም ዓመታት የስዊሱ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውሃን በቧንቧ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ባስገቡ ጊዜ ነገሩ ለሕዝቡ ትልቅ መደነቂያ ሆኖ ነበር። ዛሬ ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ቢወጣ የሚደነቅ የለም፤ የሚያስደንቀው ይልቁንም ከዚያ ሲወርድ የሚያደርሰው ጥፋት ነው።

ድሮ መታጠቢያውም ሽንት ቤቱም በግቢው ጥግ ስለነበር የፈሰሰውን ውሃ መሬት ይጠጣው ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲስፋፉ ብዙ ሺህ ቤተሰብ እርስ በርሱ ተደራርቦ መኖር ጀመረ። ከእግራችን በታች ያለው አፈር መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ጣሪያ ሆነ። እንግዲህ የመታጠቢያ ቤት ሥራ የገንዘብና የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

አዲሱ ባለቤት አቶ እገሌ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ሴራሚክ መደብር ነው። ቀለሙን ይመርጣሉ፤ መስተዋቱን ያያሉ፤ በዚያውም ገንዘባቸው ያልቃል። ከሴራሚኩ ሥር ለሚውለው ሲደርሱ ግን «ይኸ አይታይም፤ ይቅር» ይላሉ። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። የማይታየው ይቅደም፤ የሚታየው ይከተል።

አንደኛው ነገር ልክ ነው። ክፍላችን 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው እንበል። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት መቀመጫውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና ሻወሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ እንሣል። ከመቀመጫው ፊት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተው፤ መቀመጫው ከመካከሉ እስከ ጎን ግድግዳ ድረስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። በሩ ሲከፈት ከዕቃው ጋር እንዳይጋጭ እንይ። በቤቱ አዛውንት ካሉ የእጅ መያዣው የሚተከልበት ስፍራ ከአሁኑ ይታሰብ፤ ሴራሚኩም የማያንሸራትት ይሁን።

ሁለተኛው የፍሳሹ መንገድ ነው። የመቀመጫው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ጎረቤቶች ሁሉ ከሚጠቀሙበት የቁም ቧንቧ ጋር ይጋጠማል። መቀመጫውን ከዚህ ቧንቧ አርቆ መትከል ወይ ወለሉን ከፍ ማድረግን፣ ወይም ኮንክሪቱን መቡጥን ያስከትላል። ኮንክሪቱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሕንጻውን የተሸከመ ነውና ያለ መሐንዲስ አይነካ። መቀመጫው በነበረበት ቢቀመጥ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል።

ሦስተኛው የውሃ መከላከያው ቅብ ነው። ሴራሚክና ሲሚንቶ ብቻቸውን ውሃን አይከለክሉም፤ ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ቀስ እያለ ይሰርጋል። ስለዚህ ወለሉ በደንብ ተጠርጎ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን የሚያቋርጥ ይሁን። ቅቡ በግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በሻወሩ ዙሪያ ግን ከሰው ቁመት በላይ ይውጣ። ወለሉም ወደ ፍሳሽ ማውጫው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል፤ ይህ ካልሆነ ውሃው ጥግ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ቅቡ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ የፍሳሽ ማውጫው ይደፈንና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያም ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዶ «እትዬ፣ የመታጠቢያ ቤትዎን ጣሪያ አንድ ጊዜ ቢያሳዩኝ» ማለት ነው። ጣሪያው ደረቅ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል፤ ከረጠበ ቅቡ ይደገማል። ያን ዕለት የሚገኘው እርጥበት በጥቂት ቅብ ይድናል፤ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ የሚገኘው ግን ሁሉን ያስፈርሳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። በግድግዳ የሚቀበሩት ቧንቧዎችም ከመለሰናቸው በፊት በውሃ ግፊት ይፈተኑ፤ በስልክም ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ኋላ ሚስማር የሚመታ ሰው የት እንዳሉ እንዲያውቅ።

አሁን ወደ ሴራሚኩ እንምጣ። ለዚያው ክፍል የወለሉ ስፋት 3 ካሬ ሜትር ነው። ዙሪያው 7 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው እስከ 2 ሜትር ከፍታ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የበሩ ስፍራ ሲቀነስ 12 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይቀራል። ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ከመቶ 10 ይጨመርበት። በኋላ ያንኑ ቀለም ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና ጥቂት ፍሬ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

በየመታጠቢያው ሥር ያለው የታጠፈ ቧንቧም አይናቅ። በእጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ሽታውን የሚመልስ በር ነው፤ የዚህን ዓይነት እጥፍ ላለው የሽንት ቤት መቀመጫ አሌክሳንደር ካሚንግ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1775 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ውሃው ከደረቀ ሽታ ይገባል፤ መድኃኒቱም አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳጥኑም ልክ ይታሰብ። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ቢጠቀም በ9 ሊትር ሳጥን 180 ሊትር፣ በ6 ሊትር ግን 120 ሊትር ይሄዳል። ልዩነቱ በየቀኑ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የሚሸከመው ሰው ያውቀዋል። ሮቶ ማስቀመጥ የሚፈልግም 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ እንደሚመዝን አይዘንጋ፤ ባለሙያ ሳይጠይቅ በፎቅ ላይ አይስቀል። የውሃ ማሞቂያውም የመሬት መስመር ይኑረው፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቁምና።

ለሠራተኛውም ክፍያ በየደረጃው ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ከፊሉ ቧንቧው ሲፈተን፣ ከፊሉ የ24 ሰዓቱ ውሃ ሲታይ፣ የቀረው ሥራው ሲያልቅ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፈተናን አይፈራም።

የሴራሚኩ ቀለም በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ገንዘብ ሲገኝ ይለወጣል። በጎረቤት ጣሪያ ላይ የወጣው ቢጫ እድፍ ግን በየቀኑ ይታያል፤ በደረጃ ላይ ሰላምታን ያቀዘቅዛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ከተባለ፣ አዲሱ ባለቤት ለመስተዋቱ ካሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለማይታየው ቅብ ቢያውለው ቤቱንም ጉርብትናውንም አብሮ ይሠራል።